ሉዊዝ ቡርዡዋ የንግሥት አዋላጅ

በፈረንሳይ አገር ሉዊዝ ቡርዡዋ የምትባል ሴት ነበረች፤ የተወለደችውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1563 ዓመተ ምሕረት ነው። ባልዋ የቍስል ሐኪም ነበረ። በፓሪስ ዙሪያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቤትዋ ጠፋ፤ እርስዋም ልጆችዋን በጥልፍ ሥራ ትመግብ ነበር። በኋላም መጽሐፍ እያነበበች የማዋለድን ሥራ ተማረች። አስቀድማ ያዋለደችው የአንድ ድኻ ተሸካሚ ሚስት ናት።

በ1601 ዓመተ ምሕረት ንግሥት ማሪ ዴ ሜዲሲ የበኵር ልጅዋን ልትወልድ ተቃረበች። ንጉሡ ሄንሪ ሌላ አዋላጅ ፈልጎላት ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን ሉዊዝን መረጠች።

ምጡ በፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ሃያ ሁለት ሰዓት ያህል ቈየ። መኳንንቱ ቆመው ይመለከቱ ስለ ነበር ንግሥቲቱ አፍራ ጩኸትዋን ዋጠች። ሉዊዝም ሕመምዋን እንዳታፍን፥ እንድትጮኽ ለመነቻት፤ ንጉሡም አዋላጅዋ እንዳለቻት ታደርግ ዘንድ መከራት።

ሕፃኑ ተወለደ፤ ነገር ግን እጅግ ደክሞ ነበር። ሉዊዝ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ወይን ጠጅ በአፍዋ ይዛ ትሰጠው እንደ ነበር ለንጉሡ ነገረችው። እርሱም ለሌላው እንደምታደርገው ታደርግ ዘንድ አዘዛት፤ ሕፃኑም ነፍስ ዘራ። ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ አያደርጉም።

በዚያ ዘመን የእንግዴ ልጅ ሳይወጣ ድንገተኛ ደስታ ወይም ኀዘን እናቲቱን ይጐዳል ይሉ ነበር። ስለዚህ ሉዊዝ ወንድ መሆኑን እያወቀች ፊትዋን አላፈካችም፤ ቀድማ ከአንዲት ደንገጡር ጋራ በተስማማችበት ምልክት ጨርቅ እንድታሞቅላት ብቻ ጠየቀቻት። ደንገጡሪቱ ደስ ብሏት ወደ ንጉሡ ሮጠች፤ እርሱ ግን የሉዊዝን ፊት አይቶ አላመናትም። ሉዊዝ ራስዋ ባረጋገጠችለት ጊዜ አለቀሰ።

ከዚያም ንጉሡ በር አስከፍቶ ሁለት መቶ የሚያህል ሰው አስገባ። ንግሥቲቱ ገና ወደ አልጋዋ አልተመለሰችም ነበርና ሉዊዝ ተቈጣች። ንጉሡም ሕፃኑ የሁሉ ነው ብሎ አባበላት። ለእርሱ አልጋ ወራሽ ተወልዶለታል፤ ለእርስዋ ግን የደከመች እናት ገና በእጅዋ ነበረች።

ሉዊዝ ከዚያ በኋላ የንግሥቲቱን ሌሎች አምስት ልጆች አዋለደች፤ በ1609 ዓመተ ምሕረትም ስለ ሥራዋ መጽሐፍ አሳተመች። በ1627 ዓመተ ምሕረት ግን ያዋለደቻት አንዲት ልዕልት ሞተች፤ ሐኪሞችም ከእንግዴው ልጅ ቍራሽ በሆድዋ ቀርቷል ብለው ጻፉ። ሉዊዝ በጽሑፍ ተከራከረቻቸው፤ ቢሆንም ክብርዋ ተቀነሰ። በ1636 ዓመተ ምሕረት ዐረፈች።