የአዞው ምልክትና የሸሚዙ ዋጋ፦ የሬኔ ላኮስት ሕይወት

ደረቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ አዞ የተጠለፈበት አጭር እጅጌ ፖሎ ሸሚዝ በአውሮፓ መደብሮች 100 ዩሮ ገደማ ይሸጣል። በቅርጹም ሆነ በቀለሙ ለዓይን ተመሳሳይ የሆነ፣ ነገር ግን አዞ የሌለበት ሸሚዝ በዚያው ከተማ በአንድ አምስተኛው ዋጋና ከዚያም ባነሰ ይገኛል። ታዲያ ይህን ያህል ልዩነት መክፈል ይገባልን? ጥያቄው የልብስ ነጋዴዎች ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ የሚያወጣው ዋጋ ከሥራው የመጣ ነው ወይስ ከስሙ የሚለው ጥያቄ፣ ዕቃ መርጦ በፊርማው የሚያጸድቅ ባለሙያ ሁሉ በየዕለቱ የሚገጥመው ነው። ሸሚዙን የፈጠረው የሬኔ ላኮስት ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ስለሚሰጥ፣ በአጭሩ ልናወሳው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ላኮስት ሐምሌ 2 ቀን 1904 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ አውቶሞቢልና የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ በነበረው በኢስፓኖ ስዊዛ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊ ስለነበሩ፣ ልጁ ያደገው ስለ ማሽን በሚወራበት ቤት ነው። የቴኒስ ራኬት የጨበጠው በ15 ዓመቱ፣ ከአባቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ለሻምፒዮንነት ለሚመኝ ሰው የዘገየ ነበር። ጤናውም ጠንካራ አልነበረም። ተፈጥሮ የነፈገችውን ግን በዘዴ አካካሰው። የተጋጣሚዎቹን ጠንካራና ደካማ ጎን እያጠና በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ፣ ለእያንዳንዳቸውም የተለየ አጨዋወት ያዘጋጅ ነበር። ለልምምድ የሚሆን ሰው ሁልጊዜ ስለማይገኝም፣ ኳስ እየወረወረ የሚያለማምድ መሣሪያ ሠራ። በአጭሩ፣ ሜዳውን እንደ ላቦራቶሪ የቆጠረ ሰው ነበር።

ውጤቱም ዘግይቶ አልቀረም። በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ ከዣን ቦሮትራ ጋር በጥንድ ተሰልፎ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በነጠላ ውድድር የፈረንሳይን ሻምፒዮና በ1925፣ በ1927 እና በ1929፤ ዊምብልደንን በ1925 እና በ1928፤ የአሜሪካንን ሻምፒዮና ደግሞ በ1926 እና በ1927 አሸነፈ። ከቦሮትራ፣ ከአንሪ ኮሼና ከዣክ ብሩኞን ጋር አራቱ ሙስኬተሮች ተብለው የተጠሩት ጓደኛሞች በ1927 ፊላደልፊያ ላይ አሜሪካኖችን 3 ለ 2 ረትተው የዴቪስን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፈረንሳይ ወሰዱ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የሮላን ጋሮስ ሜዳ በ1928 የተሠራው ይህን ዋንጫ በአገር ውስጥ ለመከላከል ነበር።

አዞውም የመጣው ከዚሁ ሜዳ ነው። በ1923 የፈረንሳይ ቡድን ቦስተን ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ወጣቱ ላኮስት በአንድ መደብር ውስጥ ከአዞ ቆዳ የተሠራ ሻንጣ አይቶ ወደደ። የቡድኑ አለቃ የሚቀጥለውን ግጥሚያ ካሸነፈ ሻንጣውን ሊገዛለት ተወራረደ። ላኮስት ግጥሚያውን ስለተሸነፈ ሻንጣውን አላገኘም፤ ይሁንና ወሬውን የሰማ አንድ ጋዜጠኛ የአዞ ስም አወጣለት። አንዴ የያዘውን አዳኝ የማይለቅ፣ ታግሶ የሚያደክም ተጫዋች ስለነበረ፣ ስሙ ተስማምቶት በዚያው ጸና። ወዳጁ ሮቤር ዦርዥም አዞ ስሎለት፣ ላኮስት ሥዕሉን ወደ ሜዳ ሲገባ በሚለብሰው ኮት ላይ አስጠለፈው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሥራው ቀደመ፣ ምልክቱ ተከተለ።

በዚያ ዘመን የቴኒስ ተጫዋች የሚለብሰው ረዥም ነጭ ሱሪና ከተሸመነ ጨርቅ የተሰፋ ረዥም እጅጌ ሸሚዝ ነበር። እንዲህ ያለው ጨርቅ በላብ ሲርስ ከገላ ይጣበቃል፤ እንደ ልብ ስለማይለጠጥም ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ትከሻን ይይዛል። ላኮስት የፈረስ ፖሎ ተጫዋቾች ከሚለብሱት ሸሚዝ ሐሳቡን ወስዶ ለራሱ አጭር እጅጌ አሠራ፤ በ1926 በአሜሪካ ሻምፒዮናም ለብሶት ቀረበ። ጨርቁ ፒኬ ይባላል። በሽመና ሳይሆን በሹራብ አሠራር የሚሠራ በመሆኑ፣ ክሩ እንደ ድርና ማግ በመተላለፍ ፈንታ ቀለበት እየሆነ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። በየተወሰነው ቦታ ደግሞ መርፌው የያዘውን ቀለበት ሳይለቅ አዲስ ክር ስለሚደርብ፣ የጨርቁ ገጽ እንደ ማር እንጀራ ጉብታና ጎድጓዳ ያወጣል። ጎድጓዳው አየር ያስተላልፋል፤ ቀለበቱ ይለጠጣል። ለስላሳው ኮሌታም ሲያስፈልግ ወደ ላይ ተነሥቶ ማጅራትን ከፀሐይ ይጋርዳል።

ላኮስት ጤናው ስላልፈቀደለት ገና በ25 ዓመቱ ከከፍተኛ ውድድር መራቅ ጀመረ። በ1933 አንድሬ ዢሊዬ ከተባለ የሹራብ ልብስ ፋብሪካ ባለቤት ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሸሚዙን ለገበያ አቀረበ። የሸሚዙ መለያ ኤል 12 12 ራሱ የሥራ መዝገብ ይመስላል፤ ኤል የላኮስት፣ 1 የጨርቁ ዓይነት፣ 2 የአጭር እጅጌ፣ የመጨረሻው 12 ደግሞ ከተሞከሩት ናሙናዎች መካከል የተመረጠው ቁጥር ነው። አዞውም በልብስ ውጭ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ የንግድ ምልክቶች አንዱ ሆነ።

ወደ ዋጋው እንመለስ። አንዱ ሸሚዝ ከሌላው በእርግጥ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ የሚለካም ነው። የተራው ጥጥ ጭረት ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የምርጡ ከ35 ሚሊሜትር ያልፋል። ጭረቱ ሲረዝም ክሩ ይጠነክራል፤ ጨርቁም ቶሎ ጠጉር አያወጣም። ክሩ ድርብ ሆኖ ሲገመድ፣ ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ሲፈተን ወጪው በየደረጃው ይጨምራል። ስለዚህ መልካም ሸሚዝ ከርካሹ መወደዱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አምስት እጥፍ የተከፈለበት ሸሚዝ አምስት እጥፍ ዕድሜ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ይህን የሚያደርግ ጥጥ ደግሞ የለም። ከዋጋው ከፊሉ የሥራው ነው፤ የቀረው የአዞው ነው።

የአዞው ድርሻ ጨርሶ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ታማኝ ምልክት ገዢውን ከመመርመር ድካም ያሳርፈዋል። ሆኖም ምልክቱ ከሥራው ተነጥሎ ለብቻው ሲሸጥ ምን እንደሚደርስ በአሜሪካ ታይቷል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አይዞድ የተባለው ድርጅት በፈቃድ ይሸጠው የነበረው ባለ አዞ ሸሚዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣቱ ሁሉ ልብስ ሆነ። በየመደብሩ በዛ፤ ከዚያም በቅናሽ እስከ መሸጥ ደርሶ ክብሩ ወረደ። ፈቃዱ በ1993 ሲያበቃ የላኮስት ኩባንያ ስሙን እንደገና ለማቅናት ብዙ መድከም ነበረበት።

የዚህን ተቃራኒ ያሳየው ላኮስት ራሱ ነው። ከልብሱ ንግድ ጎን ለጎን ምርምሩን ስላላቋረጠ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከብረት ቱቦ የተሠራ ራኬት አወጣ። የእንጨት ራኬት በእርጥበት ይጣመማል፤ ብረቱ ግን ቅርጹን ይጠብቃል፤ ቀጭን ስለሆነም ነፋስን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ራኬቱ በአሜሪካ የተሸጠው በዊልሰን ኩባንያ ስም፣ ቲ 2000 ተብሎ፣ ያለ አዞ ነበር። ጂሚ ኮነርስ በ1974 ዊምብልደንንና የአሜሪካንን ሻምፒዮና ያሸነፈው በዚሁ ራኬት ነው። ሥራው ያለ ምልክቱ ቆመ፤ ምልክቱ ግን በተዘናጉበት ቦታ ብቻውን መቆም አልቻለም።

ይህ ጉዳይ ከሸሚዝ አልፎ እኛንም ይነካል። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ በታወቀ ስሙ ተማምኜ ሳላስፈትን የተቀበልኩት የውኃ ቫልቭ መስመር ላይ በገባ በሁለተኛው ወር ተሰነጠቀ። አንድ ሰፈር አራት ቀን ያለ ውኃ ሲያድር፣ በመረካከቢያው ሰነድ ላይ የነበረው ፊርማ የእኔ ነበር። የፈተና ወረቀቱን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ አስቀድሞ በታወቀ ነበር።

ሬኔ ላኮስት ጥቅምት 12 ቀን 1996 በሴን ዣን ደ ሉዝ በ92 ዓመቱ አረፈ። ሸሚዙን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምንመክረው አጭር ነው፤ ጨርቁን በእጅ ይመዝን፣ ኮሌታውን ይሳበው፣ ስፌቱን ገልብጦ ይመልከተው፤ ለዚያ የሚገባውን ይክፈል። ከዚያ በላይ የሚከፍለው ለአዞው መሆኑን አውቆ ከከፈለ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የእኛም ማኅተም ለሚያምነን ሕዝብ እንደ አዞው ያለ ምልክት ነው፤ ከሥሩ የተፈተነ ሥራ ከሌለ ግን በወረቀት ላይ የተጠለፈ ጌጥ ብቻ ይሆናል።