አባ ግሬጎር ሜንደል፤ ከገዳም አጸድ እስከ ሕሙማን ቤት

ሕሙማንን ለመጎብኘት በምንገባባቸው ቤቶች ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። አባት በስኳር በሽታ ታሞ ሲያርፍና ልጁም በዚያው በሽታ ሲያዝ፣ ወይም በአንድ ቤት ሁለት ሰዎች የሚጥል በሽታ ሲይዛቸው፣ ቤተሰቡ በዘራችን ላይ የወረደው ምን ዓይነት ቅጣት ነው ይላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታችንን ስለ ወላጆቹ ኃጢአት ጠይቀውታል፤ እርሱ ግን ያንን አስተሳሰብ አልተቀበለም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነገር በምን ሥርዓት እንደሚሄድ በቁጥር አስልተው ያሳዩት የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ካህንና የገዳም ሰው ነበሩ። ስለዚህ በዚህ እትም የአባ ግሬጎር ሜንደልን ሕይወት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ ወደናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜንደል የተወለዱት በ1822 ሃይንዘንዶርፍ በተባለች ትንሽ መንደር ነው። አገሩ በዚያን ዘመን በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል ነው። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ የክርስትና ስማቸውም ዮሐን ይባል ነበር። በ1838 አባታቸው ግንድ ወድቆባቸው ክፉኛ ስለተጎዱ የቤተሰቡ ኑሮ ተናጋ። በዚህ ጊዜ ታናሽ እህታቸው ቴሬዚያ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ድርሻ ከፍላ ለወንድሟ ትምህርት ሰጠች። እርሳቸውም ይህን ውለታ አልረሱም፤ ቆይተው ሦስቱን የእህታቸውን ወንዶች ልጆች በማስተማር መልሰዋል። በተማሪነታቸው ዘመን ከችግርና ከጭንቀት ብዛት ደጋግመው ይታመሙና አልጋ ላይ ይውሉ ነበር። በ1843 በብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ የአውጎስጢኖሳውያን ገዳም ገብተው ግሬጎር የሚለውን ስም ተቀበሉ። የገዳሙ አበምኔት አባ ሲሪል ናፕ ትምህርትን የሚወዱ አባት ስለነበሩ፣ ወጣቱ መነኩሴ በዚያ መጻሕፍትንም የአትክልት ቦታንም አገኙ።

በ1847 ማዕርገ ክህነት ከተቀበሉ በኋላ ሕሙማንን እንዲያጽናኑ ተመደቡ። ነገር ግን የታመመና የሚሞት ሰው ማየት እጅግ ስለከበዳቸው እርሳቸው ራሳቸው ታመሙ። አበምኔቱም ይህን አይተው አልገሠጿቸውም፤ በ1849 ወደ ዝኖይሞ ከተማ በመምህርነት ላኳቸው። በ1850 የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና ወድቀዋል። ከ1851 እስከ 1853 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምረው በ1856 ፈተናውን እንደገና ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። ሙሉ ማዕርግ የሌላቸው ምትክ መምህር ሆነው በብርኖ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። እንግዲህ በሕሙማን አልጋ አጠገብ መቆም ያልቻሉት እኚህ ካህን ለሕሙማን ያበረከቱት አገልግሎት በሌላ መንገድ መጣ።

በ1856 በገዳሙ አጸድ በአተር ላይ ምርምር ጀመሩ። አስቀድመው 34 ዓይነት የአተር ዘሮችን አስመጥተው ለሁለት ዓመት ፈትነዋል። ከዚያም በግልጽ የሚለዩ 7 ጠባዮችን መርጠው እስከ 1863 ድረስ ወደ 28,000 የሚሆኑ ተክሎችን መረመሩ። አበባው ሳይበስል ከፍተው ወንዴ ክፍሉን ይነቅላሉ፤ የሌላውን ተክል የአበባ ዱቄት በእጃቸው ያኖሩበታል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ፍሬ ይቆጥራሉ። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። የእነዚህ ልጆች ግን 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ሰጡ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ስለዚህ የተጨማደደው ጠባይ በመካከለኛው ትውልድ ተሸሽጎ ቆየ እንጂ አልጠፋም። የወላጆች ጠባይ እንደ ማርና ውኃ ተቀላቅሎ የሚቀር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ የሚቀበለው የተለየ ነገር መሆኑን ተረዱ። እኛ ዛሬ ይህን ነገር ዘረ መል ወይም ጂን እንለዋለን።

አባ ግሬጎር ግኝታቸውን በ1865 በብርኖ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ፊት በሁለት ስብሰባ አሰሙ፤ በ1866ም ታተመ። ቁም ነገሩን ግን ያስተዋለ አልነበረም። በ1868 አበምኔት ሆነው ተመረጡ፤ የመጨረሻ ዓመታቸውም በገዳማት ላይ በተጣለ ግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር በመከራከር አለፈ። በጥር 6 ቀን 1884 በኩላሊት ሕመም በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸው እንደገና የተገለጠው በ1900 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም አርኪባልድ ጋሮድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ሽንትን የሚያጠቁር አንድ ብርቅ በሽታ በአተሩ ሥርዓት መሠረት ከወላጆች ተሸሽጎ እንደሚወረስ አመለከቱ።

ሆኖም የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም በየቤቱ ሦስት ለአንድ ሆነው አይቆጠሩም። ለዚህም ነገር መንገዱን የጠቆሙት ራሳቸው አባ ግሬጎር ናቸው። ነጭ አበባ ያለውን ቦሎቄ ቀይ ሐምራዊ አበባ ካለው ጋር ባዳቀሉ ጊዜ ከሐምራዊ እስከ ፈዛዛ የሚደርስ ብዙ ዓይነት ቀለም ወጣ፤ ካበቡት 31 ተክሎችም ነጭ የሆነው አንድ ብቻ ነበር። ይህን ውጤት አልሸሸጉትም፤ ቀለሙ ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ወይም ከዚያ ከሚበልጡ ነገሮች የተገኘ ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ። በ1918 ሮናልድ ፊሸር ብዙ ጥቃቅን ውርሶች ተደምረው እንደ ቁመት ያለውን ጠባይ እንደሚያስገኙ በሒሳብ አስረዱ። ዛሬ እንደታወቀው በጎልማሳነት በሚመጣው የስኳር በሽታ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የዘረ መል ለውጦች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ፤ ምግብ፣ የሰውነት ክብደት፣ እንቅስቃሴና ዕድሜም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ውርሱ ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ ከቤተሰቡ የታመመ የሌለውም ፈጽሞ ከበሽታው ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ዕውቀት አጣምመው የተጠቀሙበትም ነበሩ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አንዳንድ መንግሥታት ዘራቸው ደካማ ነው ያሏቸውን ሰዎች ልጅ እንዳይወልዱ በግድ አምክነዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1930 ስለ ክርስቲያናዊ ጋብቻ ባወጡት መልእክት ይህን አውግዘዋል። አተር የሚቆጥረው ሰው የማይረባውን ፍሬ ለይቶ ሊጥል ይችላል፤ ሰው ግን ተለይቶ የሚጣል ፍሬ አይደለም።

በ2021 የአባ ግሬጎር 200ኛ የልደት ዓመት ሲቃረብ፣ ተመራማሪዎች ዐፅማቸውን ከገዳሙ መቃብር አውጥተው ዘረ መላቸውን መረመሩ። ከስኳር በሽታ፣ ከልብና ከኩላሊት ሕመም፣ እንዲሁም ከሚጥል በሽታ ጋር ግንኙነት ያላቸው ለውጦች ተገኙባቸው። የውርስን ሕግ የገለጡት አባት ራሳቸው፣ እኛ በየቤቱ የምናፍርባቸውን ውርሶች ተሸክመው ኖረዋል፤ ይህም ካህን፣ መምህርና አበምኔት ከመሆን አላገዳቸውም።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በሕሙማን ቤት ያ ጥያቄ ሲነሣ የእኚህን ካህን ሕይወት እናስታውስ። የተወረሰ ሕመም የማንም ኃጢአት ዕዳ ስላልሆነ ሊያሸማቅቅ፣ ልጆችን ከጋብቻ ወይም ከማኅበር ሊያርቅ አይገባም። ወላጁ የታመመበት ሰው ሳይደበቅ በጊዜ ይመርመር፤ መድኃኒት የታዘዘለትም ከጸሎቱ ጋር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውሰድ። እኛም እንደ አባ ናፕ የደከመውን ሳንገሥጽ የሚያገለግልበትን ቦታ እንፈልግለት።