አባ ጎርጎርዮስና ለሉዶልፍ ያካፈሉት እውቀት

ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ በአውሮፓ የሚጻፉ መጻሕፍት የጀርመኑን ሊቅ የኢዮብ ሉዶልፍን ስም ደጋግመው ያነሣሉ። እኛ ግን ለዚህ የበዓል መጽሔታችን የመረጥነው እርሱን ያስተማሩትን ኢትዮጵያዊ ካህን አባ ጎርጎርዮስን ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአማራ አገር በመካነ ሥላሴ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ የካቶሊክ መምህራንን ከአገር ባስወጡ ጊዜ እርሳቸውም ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጋራ ተሰደዱ፤ ቆይተውም ሮማ ገቡ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1649 ዓ/ም የ25 ዓመቱ ወጣት ሉዶልፍ እዚያ አገኛቸው።

ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ ስለ ነበረ ንባቡን በሚገባ ያወቀው ከእርሳቸው አፍ ከሰማ በኋላ ነው። እኛ የዲምቱ ተማሪዎች በቤታችን ወላይትኛ፥ በተማሪ ቤት አማርኛ የምንናገር ስለሆንን፥ አንዱን ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ በቂ መዝገበ ቃላት በሌለበት ዘመንማ እንዴት በከበደ ነበር!

በ1652 ዓ/ም መስፍኑ ኤርንስት ወደ ጎታ ከተማ አስጠሯቸው። በዚያም በበጋው ወራት ሉዶልፍ እየጠየቀ፥ እርሳቸው እየመለሱ፥ የኢትዮጵያ ነገር ሁሉ ተጻፈ፤ ይኸውም የነገሥታቱ፥ የአውራጃዎቹ፥ የወንዞቹ፥ የእንስሳቱና የሕዝቡ ልማድ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ፖርቱጋሎች የጻፉትን የሚያመዛዝነው አባ ጎርጎርዮስ ከነገሩት ጋራ አስተያይቶ ነበር።

እኛ ሉዶልፍን ከሁሉ ይልቅ የምናመሰግነው እውቀቱን ከማን እንዳገኘ አለመሸሸጉን ነው። የአገሩን ነገር ለተጓዥ ነግሮ ስሙ ሳይጻፍ የቀረው ሰው ስንት ይሆን? የአባ ጎርጎርዮስ ስም ግን በመጽሐፎቹ ውስጥ ተመላልሶ ይገኛል፤ በ1691 ዓ/ም ባሳተመው መጽሐፍም ሥዕላቸውን አወጣ።

እርሳቸው ይህን ለማየት አልታደሉም። በ1658 ዓ/ም ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ ተሰብራ በሶርያ ባሕር ዳርቻ ሰጥመው ሞቱ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው ከ3 ዓመት በኋላ በ1661 ዓ/ም ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ዓ/ም፥ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ በሞቱ በ40 ዓመታቸው፥ በ1698 ዓ/ም ወጡ።