ለኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ የኖረው ሰዓሊ፤ ቪንሰንት ቫን ጎግ

ስለ ሆላንዳዊው ሰዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ ሲወራ ቶሎ የሚነሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቆረጠው ጆሮና በሕይወቱ አንድ ሥዕል ብቻ ሸጠ የሚለው ወሬ። እነዚህን ብቻ የሰማ ሰው ቫን ጎግን ከዓለም ተነጥሎ፣ ማን ያየዋል ማን አያየውም ሳይል፣ እንዲሁ በእብደት ሲስል የኖረ አድርጎ ያስበዋል። የሥራ ታሪኩ የሚያሳየን ግን ሌላ ሰው ነው። ቫን ጎግ ሥዕሉ የት እንደሚሰቀል፣ ፍሬሙ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ አጠገቡ የትኛው ሥዕል እንደሚቀመጥ ሁሉ አስቦ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን በዚህ በኩል እናየዋለን። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫን ጎግ በ1853 በደቡብ ኔዘርላንድስ ዙንደርት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ። በ16 ዓመቱ ጉፒል በተባለ የሥዕል ንግድ ድርጅት ተቀጥሮ በሄግ፣ በለንደንና በፓሪስ ሠራ። በ1876 ከዚያ ሥራ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ማስተማሩንም፣ መጽሐፍ መሸጡንም፣ ቤልጅየም ውስጥ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች መስበኩንም ሞከረው፤ አንዱም አልሆነለትም። ሰዓሊ ለመሆን የቆረጠው በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ያኖረው በአራት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ቴዎ ነበር። ቴዎ ራሱ ፓሪስ ውስጥ የሥዕል ነጋዴ ስለነበር ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀለምና ሸራም ይልክለት ነበር።

እዚህ ላይ የአንድ ሥዕሉን ወሬ ማረም ይቻላል። በ1882 አጎቱ ኮርኔሊስ የሄግ ከተማን የሚያሳዩ 12 የእጅ ንድፎች አዘዙትና ለእያንዳንዱ 2.50 ጊልደር፣ በድምሩ 30 ጊልደር ከፈሉት። ዘመድ ነው ያዘዘው ቢባልም ሥራው የተከፈለበት ሥራ ነው።

የዝግጅት ጠባዩ በደንብ የሚታየው «ድንች በሊታዎቹ» በተባለው ሥዕሉ ነው። ኑነን በምትባል መንደር ሳለ ከ1884 እስከ 1885 በነበረው ክረምት 40 ያህል የገበሬ ፊቶች ለልምምድ ሳለ። ዋናውን ሥዕል የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ግድግዳ እንኳን አስቦ ነበር፤ የደረሰ ስንዴ የሚመስል ቀለም ያለው ግድግዳ ወይም የወርቅ ቀለም ያለው ፍሬም እንዲሆንለት ፈለገ። ይሁን እንጂ ቫን ራፓርድ የተባለው ሰዓሊ ጓደኛው የሥዕሉን ሕትመት አይቶ ክፉኛ ተቸው፤ ጓደኝነታቸውም በዚሁ ሰበብ ተበላሸ።

በ1886 ፓሪስ ሲገባ ሥዕሉን የሚያሳይለት ጋለሪ አላገኘም። ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1887 መጨረሻ አቬኑ ደ ክሊሺ በተባለው መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት ውስጥ ራሱ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የጓደኞቹን የኤሚል በርናርን፣ የአንክተንንና የቱሉዝ ሎትሬክን ሥራዎች ከራሱ ጋር ሰቀለ። ሰው ምሳውን እየበላ ሥዕል ያያል ማለት ነው። በርናርና አንክተን ሲሸጥላቸው አዘጋጁ ቫን ጎግ ግን ከጎጋን ጋር ሥዕል ተለዋውጦ ብቻ ወጣ። በመጨረሻም ከቤቱ ባለቤት ጋር ተጣልቶ ሥዕሎቹ ወረዱ።

በ1888 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርል ሄደ። የታወቁትን የሱፍ አበባ ሥዕሎች የሠራው እዚያ ነው፤ ዓላማውም ሊጎበኘው የሚመጣውን የጎጋንን ክፍል ለማስጌጥ ነበር። ቀለሙን በጣም አወፍሮ ስለሚቀባ ሥዕሎቹ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። ሲደርቁ ጠቅልሎ በባቡር ፓሪስ ይልካቸዋል፤ ቴዎ ደግሞ ተቀብሎ በፍሬም ይወጥራቸዋል። ከጎጋን ጋር ሁለት ወር ኖረው በታኅሣሥ ወር የጆሮው ነገር ተከሰተ። በሜይ 1889 በራሱ ፈቃድ ሳን ሬሚ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ገባ።

እንግዲህ ትልቁ ግብዣ የመጣው እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ነው። ብራስልስ ያለው «ሌ ቫን» የተባለ የሰዓሊያን ማኅበር በጃንዋሪ 1890 ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ጋበዘው። ቫን ጎግ የሚላኩትን ስድስት ሥዕሎች ራሱ መረጠ። የተፈቀደለት ቦታ አራት ሜትር ነበር። ስድስቱ ከዚያ ሊያልፉ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን የተመረጡት አንድ ላይ ሲታዩ የተለያየ የቀለም ስሜት እንዲሰጡ በመሆኑ ቦታ እንዲፈለግላቸው ለማኅበሩ ጸሐፊ ለኦክታቭ ሞስ ጻፈ። በሽተኛ ቢሆንም እንኳን የግድግዳ ስፋት እየለካ ነበር ማለት ነው።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ጠብ ተነሳ። ደ ግሩ የተባለ ሰዓሊ ሥራው ከቫን ጎግ ጋር እንዲሰቀል ባለመፈለግ ተሳደበ፤ ቱሉዝ ሎትሬክ ደግሞ ለፍልሚያ ጋበዘው። ደ ግሩ ከማኅበሩ ወጣ። የማኅበሩ አባል የነበረችው ሰዓሊ አና ቦክ «ቀይ የወይን እርሻ» የተባለውን ሥዕል በ400 ፍራንክ ገዛች። ያ ታዋቂው አንድ ሽያጭ ይህ ነው። በማርች ወር ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ዳኛ በሌለው የነጻ ሰዓሊያን ኤግዚቢሽን 10 ሥዕሎቹ ታዩ፤ ታላቁ ሰዓሊ ሞኔም ከቀረቡት ሁሉ የእሱን አስበልጦ ማድነቁን ቴዎ ጻፈለት። ቫን ጎግ ግን ሁለቱንም ኤግዚቢሽኖች በዓይኑ አላያቸውም።

በሜይ 1890 ከፓሪስ ብዙም በማይርቀው ኦቬር ተቀመጠ። በሁለት ወር ከአሥር ቀን አካባቢ ውስጥ 70 ያህል ሥዕሎች ሠራ። በጁን ወር ለቴዎ ሲጽፍ አንድ ቀን በሆነ ካፌ ውስጥ የብቻውን ኤግዚቢሽን የማሳየት ተስፋ እንዳለው ነገረው። ጁላይ 27 ራሱን በሽጉጥ አቆሰለ፤ ጁላይ 29 በ37 ዓመቱ ሞተ። ያረፈው ተከራይቶ በሚኖርበት፣ ምግብና መጠጥም በሚሸጥበት የራቩ ቤት ነው። ለቀብር የመጣው በርናር እንደመሰከረው የመጨረሻ ሥዕሎቹ በሬሳ ሳጥኑ ዙሪያ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር። የተመኘው የካፌ ኤግዚቢሽን በዚህ መልክ ደረሰ።

ቴዎ ከስድስት ወር በኋላ በጃንዋሪ 1891 ሞተ። ሥዕሎቹን የተረከበችው የ28 ዓመቷ ባለቤቱ ጆ ናት። ትንሽ ልጅ ይዛ፣ አዳሪዎች እያሳደረች፣ ሥዕሎቹን ለኤግዚቢሽን ማቅረቧን ቀጠለች። በ1905 አምስተርዳም ውስጥ ከ470 በላይ ሥራዎቹን አሳየች። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቫን ጎግ በአብዛኛው የእሷ ድካም ውጤት ነው። እሷ ግን ከባዶ አልተነሳችም። አሥር ዓመት ሙሉ ይታያል ብሎ ሲያዘጋጅ የቆየ ሰው ለመታየት የደረሰ ሥራ ትቶላት ነበር። ቫን ጎግን ስናነሳ ከጆሮው በፊት ይህን ብናስቀድም ፍትሕ ይመስለኛል።