የኤድዋርድ ዛንደር ዘር በሴቶች ልጆች በኩል



በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ከባሕር ማዶ መጥተው፣ እዚህ ልጆች ወልደው፣ ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ ያለፉ የአንድ ሰው ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ታሪኩ ከብዙዎቻችን ቅድመ አያቶች ታሪክ ጋር ይመሳሰላልና ስታነቡት የየቤታችሁን ሰው እንደምታስታውሱ እናምናለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ዛንደር በ1813 በጀርመን አገር፣ አንሃልት በተባለው ግዛት፣ ራዴጋስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ሙያቸው ሥዕል ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1847 ነው። ከእርሳቸው ዐሥር ዓመት ቀደም ብለው ትግራይ የገቡት የአገራቸው ልጅ፣ የዕፅዋት ሊቁ ቪልሄልም ሺምፐር፣ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ተወዳጅ ሆነው እንጢጮን እስከ ማስተዳደር ደርሰው ነበር። ዛንደርም የውቤ ባለሟል ሆኑ። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የመጣ ባለሙያ በአንድ ሙያ ብቻ አይኖርም ነበር፤ ሠዓሊ ቢሆንም ሕንፃ እንዲያሠራ፣ መሣሪያም እንዲጠግን ይጠበቅበታል። ሰሜን ውስጥ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የሺምፐርና የዛንደር እጅ ነበረበት። ውቤ ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥ ቢሆንም፣ በ1855 ውቤን ድል ነሥተው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። ዛንደር ጌታቸው ሲወድቁ ከአገር አልወጡም፤ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት አደሩ።

ዛንደር ከጎንደሬዋ ከወይዘሮ እሴተ ወርቅ በ1850 ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ በአገሯ ስም ወለተ ኢየሱስ፣ በፈረንጆቹ ደግሞ ካታሪና ተባለች። ቴሬዛ የምትባልም ሌላ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። የዛንደርን ዘር ዛሬ መከታተል የሚቻለው በእነዚህ በሁለቱ ሴቶች ልጆች በኩል ነው።

ወለተ ኢየሱስ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሞሪትዝ ሆልን አገባች። ሆል በ1838 በክራኮው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው ኋላ ፕሮቴስታንት የሆኑ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ ሲጓዝ የባለሙያዎቹ ቤተሰቦችም አብረው ተጓዙ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው በተቃረበበት ሰሞን ወለተ ኢየሱስ እዚያው መቅደላ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ማግዳሌና ተባለች፤ ስሟ የተወለደችበትን አምባ ያስታውሳል። ሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሰዉ። አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ዛንደርም በዚያው ዓመት ዐረፉ።

የሆል ቤተሰብ ኑሮውን በፍልስጥኤም በያፋ ከተማ አደረገ። ማግዳሌና እዚያ ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባሉትን የሩሲያ መኳንንት ተወላጅ አገባች። ልጃቸው ዮና በ1892 ያፋ ውስጥ ተወለዱ። የዮናም ልጅ በ1921 ሎንዶን ተወለዱ፤ እኒህም ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኙት ስመ ጥሩ ተዋናይና ደራሲ፣ በ2004 ያረፉት ሰር ፒተር ኡስቲኖቭ ናቸው። በ1977 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ይህንን ኢትዮጵያዊ ዘራቸውን ሳይደብቁ አንሥተውታል። ከሆል ልጆች መካከል ዳዊት ሆል ግን ወደ እናታቸው አገር ተመልሰው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆኑ። የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዲጠይቁ ወደ ጀርመን የተላኩት እርሳቸው ነበሩ።

ቴሬዛ ደግሞ በ1831 በፒየሞንት የተወለዱትን ጣሊያናዊ አናጢ ጃኮሞ ናሬቲን አገባች። ናሬቲ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባለሙያ ነበሩ፤ በመቀሌ ቤተ መንግሥት የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ዘመዳቸው ሉዊጂ ናሬቲም በቅኝ ግዛቱ ዘመን በኤርትራ ባነሷቸው ፎቶግራፎች ይታወቃሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሆል፣ ኡስቲኖቭ፣ ናሬቲ በሚሉት ስሞች ውስጥ ዛንደር የሚል የለም። በአባት ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው አንዱን ከሌላው ሊያገናኝ አይችልም። ነገር ግን ጎንደር ላይ አንድ አዛውንት ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት፣ በአባትም በእናትም ብንቆጥር እንዲህ ይሆናል፦ ፒተር፣ ዮና፣ ማግዳሌና፣ ወለተ ኢየሱስ፣ እሴተ ወርቅ። ከአምስቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አንዷን ብንዘልል ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ለዚህ መጽሔት ብለን የቤተሰቦቻችንን የዘር ሐረግ ስንሰበስብ፣ የባሕር ማዶው አያት ስም፣ የትውልድ ከተማና የመጡበት መርከብ ሳይቀር ተጽፎ፣ በአያቲቱ ቦታ ላይ ግን የአገሬው ሴት ከሚል ቃል በቀር ያልተጻፈበት ወረቀት ብዙ አግኝተናል። በሌላው ወገን ደግሞ የአባት ስም የጠፋባቸው አሉ። ጣሊያን በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቱ ካደረገ በኋላ ከሁለቱ ወገን የተወለዱ ልጆች በዙ። በ1940 የወጣው ሕግ ግን ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። ሕጉ ከፋሺስቱ አገዛዝ ጋር ቢያልፍም፣ በአባት ስም ቦታ የቀረው ባዶ መስመር ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፏል። እነዚህን ልጆች ያሳደጓቸው እናቶቻቸው ናቸው፤ ስማቸውንም የምናገኘው እናቶቻቸውን ስንጠይቅ ነው።

ስለዚህ ለቤተሰቦቻችን አንድ አደራ አለን። አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። የዓለም ስም ብቻ ሳይሆን የክርስትናውንም ስም ጻፉ፤ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን፣ የክርስትና አባትና እናትን ጭምር። የድሮ ፎቶግራፍ ስታገኙ ጀርባውን አንብቡ፤ ያልተጻፈበትም ከሆነ የሚያውቅ ሰው ሳይሞት ጻፉበት። በመቃብር ድንጋይ ላይ የአባት ስም ብቻ ካለ የእናቲቱን በቤታችሁ መዝገብ ላይ አስገቡ።

የኤድዋርድ ዛንደር ስም ከራዴጋስት ተነሥቶ እስከ እኛ የደረሰው በወለተ ኢየሱስና በቴሬዛ ነው። የእኛንም ቤት ያቆሙ እናቶች በስማቸው እንዲታወሱ ያድርግልን። ለመጪው ኢዮቤልዩ ሐረጉ ሞልቶ ተጽፎ ለማየት ያብቃን።