ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ፦ ከደወሉ በኋላ የሚጀምረው ሥራ

እዚህ ሐረር ውስጥ ሐኪም የሚል ስም የተነሣ እንደሆነ የሁላችንም ዓይን ወደ ላይ፣ ከተማውን ቁልቁል ወደሚያየው ወደ ሐኪም ጋራ ነው የሚሄደው። ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ የምንተርከው ግን የተራራውን ታሪክ አይደለም። ሐኪም የሚለውን ቃል እንደ ማዕረግ ተሸክመው የኖሩ፣ ሙያቸው ሕክምና ሆኖ ሳለ ለትምህርት ቤት ኃላፊነትም፣ ለአገር አስተዳዳሪነትም፣ ለመልእክተኛነትም የተጠሩ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። እኒህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው።

ለምን እሳቸውን መረጥን? ምክንያቱ በየሻይ ቤቱና በየመኝታ ክፍሉ በእኛ በእጩ መምህራን መካከል የማያልቅ አንድ ክርክር ስላለ ነው። አንዱ የመምህር ሥራ ከደወል እስከ ደወል ነው፤ ክፍለ ጊዜውን በሚገባ ካስተማረ ሌላው የሌላ ሰው ኃላፊነት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ መምህር የተመደበበት ቀበሌ ሁሉ ክፍሉ ነው ይላል። ክርክሩ እንዲሁ በአፍ ብቻ ከሚቀር የአንድን ሰው ሕይወት ብንመረምር ይሻላል ብለን ነው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። ገና ሦስት ወይም አራት ዓመት ሳይሞላው የአገሩ ታሪክ በላዩ ላይ ወደቀበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ይኼ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። ቻምበርሌን የሚባል አንድ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ከሚመለሰው ጦር ጋር ወደ ህንድ ወሰደው። መኮንኑ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ልጁም ከአንደኛው ቻርለስ፣ ከሁለተኛው ማርቲን የሚለውን ስም ወርሶ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። እናት አባት ያወጡለት ስም ተረሳ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋውም ጨርሶ ጠፋው።

በትምህርቱ ግን ጎበዝ ነበር። በአምሪትሳር ከተማ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገባ፤ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አሻሻለ። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዝ ነበረው፣ ክብር ነበረው፣ ጡረታም ይጠብቀው ነበር። እዚያው ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር? አገሩን የማያስታውስ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከአገሩ ምን ዕዳ አለበት ቢባል እኮ የሚያስኬድ ጥያቄ ነው።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያናውጥ ግን ሐኪሙ ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ፈቃድ ጠይቀው መንገድ ጀመሩ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሐበሻ ሆነው ሳለ ሐበሻን የሚያነጋግሩት በአስተርጓሚ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ፈረንጅ አያቸው። ዘመዶቻቸው ወሬውን ሰምተው ሲመጡ፣ ልጃቸው መሆኑን አያታቸው ያረጋገጡት በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ነው። ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም ያን ጊዜ ተመለሰላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙዎቻችን የምንፈራው ነገር አለ። ከምረቃ በኋላ ቋንቋውን ወደማናውቀው፣ ልማዱን ወዳልለመድነው ገጠር እንመደባለን። ሕዝቡ እንደ እንግዳ ያየናል፤ እኛም በቤታችን ተዘግተን የዝውውር ማመልከቻ እንጽፋለን። ሐኪም ወርቅነህ ግን በገዛ አገራቸው እንግዳ ሆነው ሳለ የመጀመሪያ ሥራቸው ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ መቀበል ነበር። ቋንቋ እስክለምድ ልቆይ አላሉም። ቁስል የሚያጥቡበት እጅ ነበራቸው፤ በእሱ ጀመሩ። አማርኛውንም እየሠሩ እንደ አዲስ ተማሩት። ከሕዝብ ጋር ያስተዋወቃቸው ከአያታቸው ምስክርነት ይልቅ ይኼ አገልግሎታቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በሁለት ዓለም መካከል ተመላለሱ። ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ፤ እንደገና መጥተው በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ሠሩ፤ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ሌላው ሰው ማረፍ በሚያምረው ዕድሜ የእሳቸው ዋና ሥራ ገና መጀመሩ ነበር።

ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ሐኪም ወርቅነህ የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። መማሪያ መጽሐፍ በአማርኛ የለም በሚባልበት ጊዜ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው በ1920 ዓ.ም. አሳተሙ። ልብ በሉ፣ ይኼን መጽሐፍ የጻፉት አማርኛን በጎልማሳነታቸው የተማሩ ሰው ናቸው። የማስተማሪያ መሣሪያ የለም እያልን ክፍል ውስጥ እጃችንን አጣጥፈን ለምንቀመጠው ይኼ ብቻውን በቂ ትምህርት ነው።

ግን የትምህርት ቤቱ አጥር አልበቃቸውም። በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎች ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕግ መውጣቱ ጥሩ፤ ነገር ግን ትላንት ነፃ የወጣ ልጅ ዛሬ የት ያድራል? ምን ይበላል? ማን ያስተምረዋል? መሬት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ሙያ የለው። ሐኪም ወርቅነህ ለእነዚህ ልጆች በአዲስ አበባ በተከፈተው ተማሪ ቤት ሥራ ውስጥ ገቡበት። የመኳንንት ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የበላይ ሆነው ሳለ፣ በዚያ ዘመን ማንም ጠረጴዛ የማያካፍላቸውን ልጆች ጉዳይ የራሳቸው አደረጉት። አንድ መምህር ከአጥሩ ወጥቶ ወዴት ማየት እንዳለበት የሚያሳይ ነገር ይኸው ነው። መጀመሪያ የሚታየው ከክፍል ውስጥ የጎደለው ልጅ ነው።

በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የጣና ሐይቅን ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። ኒው ዮርክ ሲደርሱ በትላልቁ ቢሮ ብቻ ተነጋግረው አልተመለሱም። ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ወደ ሃርለም ሄደው ሙያ ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከዚያ ወገን ወደ አገራችን የመጡ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ እንምጣ። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ቁልቢንና ሂርናን አልፎ አሰበ ተፈሪን፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን ከተማ ያውቃታል። ይኼ የጨርጨር አገር ነው። ያኔ በሐረር ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። የመጀመሪያውን አማርኛ ቴአትር ፋቡላን የጻፉት፣ በልጅነታቸው በዚሁ በሐረር በራስ መኮንን ቤት ያደጉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን አስተዳድረው ነበር። ሐኪም ወርቅነህም በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ዓላማው ጨርጨር ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ግዛት እንዲሆን ነበር። ሹማምንቱ ከገበሬው ጉልበትና ጓዳ ከሚኖሩ የተቆረጠ ደመወዝ እንዲያገኙ፣ ግብሩ የታወቀ እንዲሆን፣ መንገድ እንዲወጣ፣ የተማሩ ወጣቶች በአስተዳደሩ ሥራ እንዲገቡ ታሰበ። በስቴትስኮፕ የጀመሩት ሰው በስልሳ አምስት ዓመታቸው የመንገድና የግብር ጉዳይ ይዘው ተራራ ለተራራ ይዞሩ ነበር ማለት ነው።

ሁሉ ነገር ተሳካ ለማለት አይደለም። አንድ ሰው፣ ያውም ከላይ የተሾመ ገዥ፣ የዘመናት ሥርዓትን በአምስት ዓመት አይለውጥም። የተጀመረውም ሳያልቅ ጦርነት መጣ። ቢሆንም ሥራን የምንመዝነው በመጠናቀቁ ብቻ ነው? አንድ መምህር የተከላቸው ችግኞች ሁሉ አይጸድቁም፤ ያስተማራቸውም ሁሉ አያልፉም። ያልጸደቀውን እየቆጠረ መትከሉን ካቆመ ግን ያኔ ነው የተሸነፈው።

በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ወረራው ሲጀመር በየአዳራሹ እየቆሙ ስለ አገራቸው ተናገሩ፤ ለቁስለኞች መርጃ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ደከሙ። አገሪቱ በጠላት እጅ ከገባች በኋላም ሲልቪያ ፓንክኸርስትን ከመሳሰሉ ወዳጆች ጋር የኢትዮጵያ ጉዳይ እንዳይረሳ ጣሩ።

በዚህ መካከል ከባዱ መርዶ ደረሳቸው። በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር በምዕራብ ተሰልፈው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን የኢትዮጵያ ወጣት እየለቀሙ ሲገድሉ ሁለቱም ተገደሉ። አባትየው ልጆቻቸውን ያስተማሩት ለአገር እንዲሠሩ ነበር፤ በዚያው ምክንያት አጧቸው። ከዚህ የበለጠ ምን ይከፈላል? ሽማግሌው ግን ከነፃነት በኋላ በሌላ አገር ልሙት ሳይሉ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በ87 ዓመታቸው ገደማ በአገራቸው አርፈው በአገራቸው አፈር ተቀበሩ።

እንግዲህ የሕይወታቸው ታሪክ ባጭሩ ይኼን ይመስላል። ታዲያ ለእኛ ምን ይላል? አንዳንዱ እሳቸው ሐኪም ናቸው፣ ገዥ ናቸው፣ ሚኒስትር ናቸው፤ እኔ ደግሞ ገና ደመወዝ ያልቆጠርኩ እጩ መምህር ነኝ ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሹመቱ ከመምጣቱ በፊት ድንኳኑ ነበር። ድንኳን መትከል ሹመት አይጠይቅም።

የዘመቻ ታሪክም አለን። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሺህ ተማሪና መምህር ከክፍል ወጥቶ ገጠር ገብቷል። ብዙ ሰው ፊደል ቆጥሯል። ግን በትእዛዝ የወጣ በትእዛዝ ይመለሳል። ሳይታዘዝ የወጣ ሰው ነው ልማድ የሚያደርገው። ሐኪም ወርቅነህን ከበርማ ማንም አዝዞ አላመጣቸውም።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። በጀጎል ውስጥ አፎቻ አለ፤ ሐዘኑንም ደስታውንም ጎረቤት ከጎረቤት የሚካፈልበት ነው። ከግንቡ ውጪ ዕድር አለ። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው አያስፈልጋቸውም? በሸዋ በርና በፈላና በር ገበያ ተቀምጠው ከሚሸጡት እናቶች ውስጥ ስማቸውን መጻፍ የሚፈልጉ የሉም? ለብዙ ዘመን ሐረርን ውሃ ያጠጣው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ ሲያስደነግጠን አልነበረም? ኋላ ውሃው መመለስ ቢጀምርም፣ ለምን ደረቀ፣ ለምንስ ተመለሰ ብሎ ከተማሪዎቹ ጋር ወርዶ የሚያጠና የሳይንስ መምህር ከየት ይምጣ? ከእኛው ነው እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ስንወጣ አስተማሪ ብቻ ሆነን አንውጣ። ሐኪም ወርቅነህ ቋንቋቸውን መልሰው ያገኙት ከሕዝቡ ነው። እኛም ኦሮምኛውን፣ ሐረሪውን፣ ሶማልኛውን፣ አማርኛውን ከሕዝቡ እንማራለን። የሰጠ ብቻ ሳይሆን የተቀበለም ሰው ነው በአገር ውስጥ ሥር የሚሰድ።

የሚመጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ያው ደወል ይደወላል። ግማሻችን ወደ አልጋ፣ ግማሻችን ወደ ኳስ ሜዳ እንሄዳለን። እስቲ ከመካከላችን አምስት ሰው በበሩ ወጥቶ አንድ ጎረቤት ምን እንደጎደለው ጠይቆ ይመለስ። የሚመጣው የግድግዳ ጋዜጣ ያንን ይዞ ይውጣ።