ዘሩንም መሬቱንም የመረመሩት ሐኪም፤ ስቴፈን ፓጄት

ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙባት ኮዬ ፈጬ ቀድሞ የእርሻ መሬት ነበረች። ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ዘር በየስፍራው ቢወድቅም የሚበቅለው በተስማማው መሬት ነው። ይህን ዕውቀት ለካንሰር ምርምር ያዋሉት ሐኪም ስቴፈን ፓጄት ናቸው።

ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1855 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። አባታቸው ሰር ጄምስ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስለ ነበሩ እርሳቸውም ይህንኑ ሙያ ተከተሉ። በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሰብስበው ቆጠሩ። በሽታው ወደ ጉበት 241 ጊዜ ተዛምቷል፤ ብዙ ደም ወደሚደርሰው ወደ ጣፊያ ግን 17 ጊዜ ብቻ። ስለዚህ በ1889 ዘሩ ብቻ ሳይሆን መሬቱም ሊመረመር እንደሚገባ ጻፉ። በ1926 ዐረፉ።

በ1961 ቫን ስኮትና ራይነርትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በነጮች ዘንድ እጅግ የተለመደውን የቆዳ ካንሰር ከበሽተኛው ወስደው በዚያው ሰው ገላ በሌላ ስፍራ ተከሉት። በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር የተተከለው ጸንቶ ሲኖር፣ ከዚያ ሥጋ የተለየው ግን ካንሰር ሆኖ ሊቀጥል አልቻለም። የፓጄት መሬት በቆዳም ላይ ታየ።

በጥቁር ቆዳ ላይ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳና ከማይድን ቁስል ይነሣል፤ ለክፉው ዘር የተመቸ መሬት ይህ ነውና። እንግዲህ ወላጅም ሆነ ጎረቤት ለወራት አልሽር ያለ ቁስል ቢኖርበት፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም እንዲያየው እንምከር።